የሻፍት አላይመንትና ባላንስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሞተር ጋር በካፕሊንግ፣ ማለትም ሁለት ሻፍቶችን (የሚሽከረከሩ ዘንጎችን) በሚያገናኝ ክፍል፣ ተያይዘው ስለሚሽከረከሩ ፓምፖች፣ ፋኖችና ጊርቦክሶች የጥገና ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ቀርበዋል።

አላይመንትና ባላንስ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

ይለያያሉ። አላይመንት የሁለት ሻፍቶች ጉዳይ ነው፤ የሞተሩና የፓምፑ ሻፍት ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ እንደ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ በአንድ መስመር ላይ መሽከርከራቸውን ይመለከታል። ባላንስ ግን የአንድ ሮተር (የማሽኑ ተሽከርካሪ ክፍል) ጉዳይ ሲሆን፣ የሮተሩ ክብደት በሚሽከረከርበት መሐል መስመር ዙሪያ እኩል መከፋፈሉን ይመለከታል። ስለዚህ በሚገባ ባላንስ የተደረገ ሮተር ከጎረቤቱ ጋር ተዛብቶ ሊገጠም፣ በትክክል የተገጠመውም ባላንስ ላይኖረው ይችላል።

የአላይመንት መዛባት ሁለት መልክ አለው። ሻፍቶቹ ትይዩ ሆነው አንዱ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል፣ ወይም ወደ ጎን ሲሸሽ የትይዩ ልዩነት ይባላል፤ መሐል መስመሮቻቸው ተገናኝተው ማዕዘን ሲሠሩ ደግሞ የማዕዘን ልዩነት ይባላል። በተግባር የሚገኙት ሁለቱ ተቀላቅለው፣ ያውም በቁመትም በአግድምም ነው።

ካፕሊንጉ ጎማ ያለው ተጣጣፊ ከሆነ አላይመንት ለምን ያስፈልጋል?

ካፕሊንጉ የሚችለውና ሻፍቱን የሚሸከመው ኩሽኔታ የሚችለው ልዩነት አንድ ስላልሆነ ነው። በካፕሊንግ አምራች ካታሎግ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ወይም አንድ ዲግሪ ይፈቀዳል ተብሎ ቢገኝ፣ ያ ቁጥር ካፕሊንጉ ራሱ ሳይሰበር የሚችለውን የሚናገር እንጂ በግራና በቀኙ ላሉት ኩሽኔታዎችና የዘይት ሲሎች (ዘይት እንዳይፈስ የሚከለክሉ ማሸጊያዎች) ዋስትና የሚሰጥ አይደለም። ጎማው በእያንዳንዱ ዙር ሲታጠፍ የሚመልሰው ግፊት በሻፍቱ በኩል አድርጎ የሚያርፈው ኩሽኔታው ላይ ነው።

የኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ ደግሞ ለጭነት እጅግ ስሱ ነው። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን የሚሰላው ዕድሜ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ጭነቱ በ20 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ ዕድሜው ከ40 በመቶ በላይ ይቀንሳል። በየሦስት ወሩ ኩሽኔታ የሚቀየርለት ፓምፕ ያለው ክፍል የኩሽኔታውን ሻጭ ከመውቀሱ በፊት ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) ከሳጥኑ ቢያወጣ ይሻላል።

ሳንለካ በፊት መዛባቱ በምን ይታወቃል?

መጀመሪያ የሚታየው ካፕሊንጉ አካባቢ ነው። መከለያውን ሲከፍቱ ከሥሩ የተጠራቀመ ጥቁር የጎማ ዱቄት ካለ፣ ካፕሊንጉ ማሽኑ እንደቆመ ሲለካ ከኩሽኔታ ቤቱ ይልቅ የሚሞቅ ከሆነ፣ የመሠረት ብሎኖች በየጊዜው የሚላሉ ከሆነ፣ ወይም ሲሉ ከተቀየረ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አላይመንት ነው።

የንዝረት መለኪያ ካለ ነገሩ የበለጠ ይጠራል። የባላንስ ጉድለት በአብዛኛው የሚታየው ሮተሩ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ በሚያሳየው ንዝረት ሲሆን፣ አቅጣጫውም ከሻፍቱ ወደ ጎንና ወደ ላይ ነው። የአላይመንት መዛባት ግን ብዙ ጊዜ በዙር ሁለት ጊዜ የሚደጋገም ንዝረት ያመጣል፤ በሻፍቱ ርዝመት አቅጣጫም ከፍ ያለ ንባብ ያሳያል። ይህ መለያ ብዙ ጊዜ ይሠራል እንጂ ሁልጊዜ አይሠራም። የተዛባ ማሽን በዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚነዝርበት ጊዜ ስላለ፣ የንዝረት ግራፍ አይቶ ብቻ ባላንስ ለማስተካከል ክብደት ለመበየድ መቸኮል አይገባም።

በማስመሪያና በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) መሥራት ይበቃል ወይስ ሌዘር የግድ ነው?

ጥሩ ዓይንና ልምድ ያለው ባለሙያ በማስመሪያ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ሊጠጋ ይችላል። በዝግታ ለሚዞር ትንሽ ማሽን ይህ ይበቃ ይሆናል። ችግሩ ማስመሪያው የሚለካው የካፕሊንጉን ውጫዊ ገጽ እንጂ የሻፍቱን መሐል መስመር አለመሆኑ ነው። ካፕሊንጉ ሲቦረቦር ቀዳዳው ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከነበረ ማስመሪያው ልክ ነው ያለው ሁሉ ስህተት ይሆናል። ሁለቱን ሻፍቶች አብሮ እያዞሩ በዳያል ጌጅ መለካት ይህን ስህተት ያስወግዳል፤ ምክንያቱም ጌጁ ሙሉ ዙሩን አንድ ቦታ ላይ እንዳረፈ ይቆያል።

ዳያል ጌጅም የራሱ ድክመት አለው። ጌጁን የያዘው ክንድ በክብደቱ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ክንዱ በረዘመ መጠን ስህተቱ ይጨምራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክንዱን በዚያው ርዝመት ጠንካራ ቧንቧ ላይ አስሮ ጌጁን ከላይ ዜሮ ማድረግና ቧንቧውን ግማሽ ዙር አዙሮ ታች የሚያሳየውን መመዝገብ፣ ከዚያም ያንን ቁጥር ማሽኑ ላይ ከተገኘው ንባብ ላይ ማረም ነው። ይህን ሳያደርጉ ስለ መቶኛ ሚሊሜትር መከራከር ከንቱ ድካም ነው።

ለሻፍት የተሠራው ሌዘር ፕሩፍቴክኒክ በተባለው የጀርመን ኩባንያ አማካይነት ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ትልቁ ጥቅሙ የክንድ መጉበጥ የሌለበት መሆኑና ስሌቱን ራሱ መሥራቱ ነው። ሆኖም መሠረቱ የተሰነጠቀ ወይም ብሎኑ የላላ ማሽን ላይ ሌዘርም ቢሆን በየልኬቱ የተለያየ ቁጥር ከመስጠት አያልፍም።

ስንት ሚሊሜትር ልዩነት ይፈቀዳል?

አምራቹ የጻፈው ቁጥር ካለ እሱ ይቀድማል። ከሌለ ግን በደቂቃ 1500 ዙር ለሚዞር ማሽን ከ0.1 ሚሊሜትር ያነሰ የትይዩ ልዩነት ተቀባይነት አለው፤ ወደ 0.05 ከወረደ ጥሩ ነው። በ3000 ዙር የሚሠራ ከሆነ ከ0.05 እንዳይበልጥ መጣር ይገባል። ለማዕዘን ልዩነት፣ በ1500 ዙር በ100 ሚሊሜትር የካፕሊንግ ዲያሜትር ከ0.07 ሚሊሜትር የማይበልጥ የክፍተት ልዩነት እንደ መነሻ ይወሰዳል።

ብሎኑን ሳጠብቅ ልኬቱ ለምን ይቀየራል?

አንዱ የሞተሩ እግር መሠረቱ ላይ በሙሉ ስላላረፈ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት አይወዛወዝም፤ አራት እግር ያለው በርጩማ ግን ወለሉ ትንሽ ከተዛባ አንድ እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ሞተርም እንደዚሁ ነው። ያ ያላረፈ እግር በብሎን ተጨምቆ ወደ ታች ሲወርድ የሞተሩ ቤት ራሱ ይጣመማል፤ ኩሽኔታዎቹ ይጨነቃሉ፣ በሮተሩና በስቴተሩ (በሞተሩ ቋሚ ክፍል) መካከል ያለው ክፍተትም እኩልነቱን ያጣል።

ምርመራው አጭር ነው። አራቱንም ብሎኖች ካጠበቁ በኋላ ዳያል ጌጁን በአንዱ እግር አናት ላይ አሳርፎ የዚያን እግር ብሎን ብቻ ማላላት፣ እግሩ ምን ያህል እንደተነሣ ማንበብና መልሶ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ የተነሣ እግር መታረም አለበት። እርማቱ ግን የተነሣበትን ያህል ሽም (ከእግር ሥር የሚገባ ስስ ብረት) መክተት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ እግሩ ራሱ ጎብጦ ወይም ከመሠረቱ ጋር ማዕዘን ሠርቶ ከሆነ በአንድ ጥግ ብቻ የሚነካ ስለሚሆን፣ አራቱንም ጥጎች በፊለር ጌጅ ፈትሾ ደረጃ ያለው ሽም መሥራት ወይም መሠረቱን ማስላግ ያስፈልጋል።

ከአንድ እግር ሥር የሚገቡት ሽሞች ከአራት ባይበልጡ ይመረጣል። ሰባትና ስምንት ስስ ሽሞች ተደራርበው እንደ ስፕሪንግ ይሆናሉና። ከቆርቆሮ ጣሳ ተቆርጦ የተሠራ፣ ጠርዙ የተቆለመመ፣ ከሥሩም ዝገትና ቀለም ያለበት ሽም በየፋብሪካው ስንት ልኬት እንዳበላሸ የሚያውቀው የሠራበት ነው።

በየትኛው እግር ሥር ስንት ሽም እንደሚገባ እንዴት ይሰላል?

ሁለት ንባቦችና ሦስት ርቀቶች ይበቃሉ። የካፕሊንጉ ዲያሜትር 200 ሚሊሜትር፣ ከካፕሊንጉ እስከ ሞተሩ የፊት እግር ብሎን 250፣ እስከ ኋላ እግር ብሎን 750 ሚሊሜትር ነው እንበል። በካፕሊንጉ ዙሪያ ላይ ያረፈው ጌጅ ከላይ ወደ ታች በግማሽ ዙር 0.20 ሚሊሜትር ለውጥ አሳየ። ትክክለኛው የከፍታ ልዩነት የዚህ ግማሽ፣ ማለትም 0.10 ሲሆን፣ ሞተሩ ከፓምፑ በዚያ መጠን ከፍ ብሏል። በሁለቱ የካፕሊንግ ገጾች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከታች ይልቅ ከላይ በ0.12 ሚሊሜትር ሰፍቷል።

0.12ን ለ200 ስናካፍል 0.0006 እናገኛለን። ይህም ሞተሩ ከካፕሊንጉ በራቀ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር በዚህ መጠን ወደ ታች ያዘነብላል ማለት ነው። ፊት እግሩ ዘንድ 250 ሲባዛ በ0.0006 የ0.15፣ ኋላ እግሩ ዘንድ 750 ሲባዛ በ0.0006 የ0.45 ሚሊሜትር ዝቅታ አለ። ሞተሩ ካፕሊንጉ ዘንድ 0.10 ከፍ ብሎ ስለነበር ይህን ስንቀንስ፣ ከፊት እግሮቹ ሥር 0.05፣ ከኋላ እግሮቹ ሥር 0.35 ሚሊሜትር ሽም ይጨመራል።

ሞተሩ ከፍ ብሎ ሳለ ሽም መጨመሩ መጀመሪያ ግር ይላል። ካፕሊንጉን ብቻ አይቶ ከአራቱም እግሮች 0.10 ሽም ያወጣ ሰው የከፍታውን ልዩነት ቢያጠፋም ማዕዘኑን እንዳለ ይተወዋል፤ ከዚያ ማዕዘኑን ለማረም ኋላውን ሲያነሣ ከፍታው እንደገና ይዛባበታል። ቀኑን ሙሉ ሽም ሲያስገባና ሲያወጣ የሚውለው እንዲህ ያለው ሰው ነው። የቁመቱ ካለቀ በኋላ የጎኑ በግፊት ብሎኖች ይስተካከላል። በመዶሻ መምታት ግን ኩሽኔታውን ያቆስላል።

ቧንቧው ከተገጠመ በኋላ አላይመንቱ ለምን ጠፋ?

ቧንቧው ፓምፑን ስለጎተተው ነው። የፍላንጁ ቀዳዳዎች በራሳቸው ካልገጠሙና በሌቨር ተጎትተው ከገቡ ያ ኃይል ፓምፑ ላይ ይቀራል። ካፕሊንጉ ላይ ዳያል ጌጅ አስሮ የፍላንጁን ብሎኖች ሲያጠብቁ ሻፍቱ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ መታረም ያለበት ቧንቧው እንጂ ሞተሩ አይደለም።

ቀዝቃዛ እያለ ያስተካከልነው ማሽን ሲሞቅ ለምን ይዛባል?

ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም ነው። መሐል መስመሩ ከመሠረቱ 400 ሚሊሜትር ከፍ ያለ የብረት ማሽን ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.19 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ይህም በ3000 ዙር ከሚፈቀደው ልዩነት ብዙ እጥፍ ነው። ሞተሩና ፓምፑ እኩል ቢሞቁ ችግር ባልነበረ። የሞቀ ውኃ ወይም ዘይት የሚገፋ ፓምፕ ግን ከሞተሩ አብልጦ ያድጋል።

መፍትሔው ማሽኑ ቀዝቃዛ እያለ ሆን ብሎ በሚታወቅ መጠን አዛብቶ መግጠም ነው። ፓምፑ ከሞተሩ አብልጦ 0.15 የሚያድግ ከሆነ ሞተሩ በዚያ መጠን ከፍ ተደርጎ ይተዋል፤ ሲሞቁ ይገናኛሉ። መጠኑን ከአምራቹ መጠየቅ ወይም ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ የእያንዳንዱን እግር ሙቀት ለክቶ ማስላት ይቻላል። ማሽኑን አቁሞ በጥድፊያ ገና ሙቅ እያለ መለካት ብዙዎች የሚወዱት ዘዴ ቢሆንም፣ መከለያው ተነሥቶ መሣሪያው እስኪታሰር ድረስ ማሽኑ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ የሚገኘው ቁጥር የሙቁም የቀዝቃዛውም አይሆንም።

የፋብሪካ ፋን ባላንሱን ለምን ያጣል?

ከሁሉ በላይ በአቧራ ነው። በሲሚንቶ ፋብሪካ አቧራ የሚስብ ፋን ምላጮቹ ላይ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ እኩል እስከተለጠፈ ድረስ ፋኑ ዝም ይላል፤ አንድ ቀን ከአንዱ ምላጭ ላይ ቁራሽ ሲወድቅ ግን ንዝረቱ በድንገት ይነሣል። አሸዋማ አየር ምላጩን እኩል ባልሆነ መንገድ መብላቱና ዝናብ ወይም ጤዛ ባዶ የሆነ ምላጭ ውስጥ መጠራቀሙም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው።

ስለዚህ ፋኑን ሳያጸዱ ባላንስ ማድረግ ቆሻሻውን ባላንስ ማድረግ ነው። በአንድ ፋብሪካ ስንሠራ የጽዳቱን ጊዜ ለማትረፍ ብለን ቅርፊቱ እንዳለ ክብደት በየድን፤ ንዝረቱ ወረደ፣ ሁሉም ተደሰተ። ከአሥር ቀን በኋላ ቅርፊቱ በራሱ ረገፈ፤ ያን ጊዜ ፋኑን ያንቀጠቀጠው እኛ የበየድነው ብረት ነበር።

ጥቂት ግራም ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ከመሐል 500 ሚሊሜትር ርቆ የተቀመጠ 50 ግራም ክብደት በደቂቃ 1500 ዙር ሲዞር ወደ 617 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም የ63 ኪሎ ሰው ክብደት ያህል ኃይል ይፈጥራል፤ ይህም አቅጣጫውን በሴኮንድ 25 ጊዜ እየቀየረ ኩሽኔታውን ይመታል። ፍጥነቱ ወደ 3000 ሲያድግ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

ከባላንስ በኋላ የሚፈቀደው የክብደት መዛባት ቅሪት በአይኤስኦ 21940-11 ዓለም አቀፍ ደረጃ ይወሰናል። ለተራ ፋኖችና ፓምፖች የሚሠራው ጂ 6.3 የተባለው የባላንስ ጥራት ደረጃ ሲሆን፣ ለተርባይኖች ጂ 2.5 ይጠየቃል። 200 ኪሎ የሚመዝን፣ በ1500 ዙር የሚሠራ ሮተር በጂ 6.3 መሠረት የክብደት ማዕከሉ ከመሽከርከሪያ መስመሩ 0.04 ሚሊሜትር ሊርቅ ይችላል፤ ይህ ወደ 8000 ግራም ሚሊሜትር ይደርሳል። እርማቱ በ400 ሚሊሜትር ሬዲየስ ላይ የሚደረግ ከሆነ በጠቅላላው 20 ግራም፣ በእያንዳንዱ ጎን ደግሞ 10 ግራም ቅሪት ይፈቀዳል ማለት ነው።

ሮተሩን ሳንነቅል በቦታው ላይ ባላንስ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ለፋን ደግሞ የሚመረጠው እሱ ነው። መጀመሪያ የነበረው ንዝረት መጠኑና አንግሉ ይለካል፣ ከዚያ የመሞከሪያ ክብደት ታስሮ እንደገና ይለካል። ለምሳሌ መጀመሪያ በዜሮ ዲግሪ 6 ሚሊሜትር በሴኮንድ የነበረው፣ 50 ግራም ሲታሰርበት በ90 ዲግሪ 8 ቢሆን፣ ክብደቱ ብቻውን ያመጣው ለውጥ በቬክተር ሲሳል 10 ሚሊሜትር በሴኮንድ ነው። የሚያስፈልገው ለውጥ 6 ስለሆነ ትክክለኛው ክብደት የ50 ስድስት አሥረኛ፣ ማለትም 30 ግራም ነው፤ ቦታውም ከመሞከሪያው 53 ዲግሪ ገደማ ይዛወራል። ወደየት አቅጣጫ እንደሚዛወር መሣሪያው አንግል በሚቆጥርበት መንገድ ይወሰናል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ንዝረቱ ከ6 ወደ 8 ከፍ ማለቱ ሙከራው ከሸፈ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። የሚያሳስበው ምንም ለውጥ አለመታየቱ ነው፤ መጠኑ ቢያንስ በ30 በመቶ ወይም አንግሉ በ30 ዲግሪ ካልተቀየረ የመሞከሪያው ክብደት አንሷል። ሲበየድ የብየዳው ማሽን አርድ ኬብል ሮተሩ ላይ፣ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ መታሰር አለበት። ከመሠረቱ ላይ ከታሰረ ከረንቱ በኩሽኔታው ውስጥ አልፎ ኳሶቹን ያቃጥላል። የኤሌክትሪክ መቁረጫው ተቆልፎ ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ ሳይገባ ፋን ውስጥ መግባት፣ ፋኑ ሲነሣም ከምላጮቹ ትይዩ መቆም ክልክል ነው።

ወርክሾፕ ባላንስ ተደርጎ የመጣ ሮተር ሲገጠም ለምን ይነዝራል?

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ካፕሊንጉን ከሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ኪይ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት ስምምነት ሻፍቱም ካፕሊንጉም በየፊናቸው ባላንስ ሲደረጉ ግማሽ ኪይ ይዘው እንዲሆን ነው። አንዱ ወርክሾፕ ሙሉ ኪይ ሲጠቀም ሌላው ግማሽ ከተጠቀመ፣ ወይም ሲገጠም ከሚገባው በላይ ረዥም ኪይ ከገባ፣ የትርፉ ክብደት ሮተሩ ላይ ይቀራል። የካፕሊንጉ ቀዳዳ ሰፍቶ በአንድ ወገን ብቻ መጨበጡ ወይም ሻፍቱ በጉዞ ላይ ጎብጦ መምጣቱም ይኖራል፤ ሁለቱንም ዳያል ጌጅ ያሳያል።

አላይመንቱም ባላንሱም ተሠርቶ ንዝረቱ ካልጠፋስ?

መጀመሪያ የኤሌክትሪክን ጉዳይ መለየት ነው። እንደ ኢትዮጵያ 50 ኸርዝ በሚሠራበት አገር ሁለት ፖል (የማግኔት ዋልታ) ያለው ሞተር በደቂቃ ወደ 2980 ዙር ይዞራል፤ በዙር ሁለት ጊዜ የሚሆነው ንዝረት 99.3 ኸርዝ ላይ ይወድቃል። ከሞተሩ ማግኔት የሚመጣው ንዝረት ደግሞ ልክ 100 ኸርዝ ላይ ነው። መለኪያው እነዚህን ለያይቶ ማሳየት ካልቻለ የስቴተር ችግር ያለበት ሞተር አላይመንቱ ተዛብቷል ተብሎ ሲፈታና ሲገጠም ይኖራል። መለያው ማሽኑ እየሠራ ኤሌክትሪኩን መቁረጥ ነው፤ ንዝረቱ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ምንጩ ኤሌክትሪክ ነው፣ ከፍጥነቱ ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ግን ሜካኒካል ነው።

ፍጥነቱ እየወረደ ሳለ ንዝረቱ በጥቂት ዙር ልዩነት ቁልቁል ከወደቀ ደግሞ ማሽኑ ከመሠረቱ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ጋር ገጥሟል። እንዲህ ባለ ቦታ ባላንስ ማድረግ እጅግ ያስቸግራል፤ ክብደቱ በትንሹ ሲቀየር ንባቡ በብዙ ይለዋወጣል። እዚህ የሚያስፈልገው መሠረቱን ማጠንከር ወይም ፍጥነቱን መቀየር ነው።

ፓምፕ ከሆነ ውኃው ራሱ መጠርጠር አለበት። ጠጠር የዋጠ የሚመስል ድምፅ ካለ፣ ውኃው በመሳቢያው በኩል ተንኖ አረፋው ኢምፔለሩ (ውኃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል) ላይ እየፈነዳ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ግፊቱ የሚሸከመው፣ በባሕር ጠለል 10.3 ሜትር የነበረው የውኃ ዓምድ ወደ 7.8 ሜትር ይወርዳል። ከባሕር ጠለል ካታሎግ ላይ በቀጥታ ተመርጦ የመጣ ፓምፕ አላይመንቱ የቱንም ያህል ቢስተካከል እዚህ ላይ መንቀጥቀጡን አይተውም፤ መታረም ያለበት የመሳቢያው ከፍታ ነው።